ጠባሳና ጠብታ፤ የክትባት ታሪክ በዋግ ደጋ

ሰቆጣ በታሪክ ስሟ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የዋግ ሹሞች መቀመጫ በመሆንዋ፣ ሁለተኛውም በጨው ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ በ19ኛው ምዕት ዓመት ሰቆጣ ላይ ተራግፎ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ወዳለው አገር ይበተን ነበር። ጨው ባለበት ነጋዴ ይሰበሰባል፤ ነጋዴ በተሰበሰበበትም ወሬና በሽታ አይታጡም። በዋግ ደጋ በየጊዜው ያለፉት ወረርሽኞች የመጡት በቅሎና አህያ በሚመላለሱበት በዚሁ መንገድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ በኋላ የመጣው መድኃኒትም ቢሆን ለረጅም ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ለመመልከት የታሰበው የልጅነት ልምሻ መከላከያ ክትባት በዋግ ኽምራ ደጋ እንዴት እንደታየና ሕዝቡም እንዴት እንደተቀበለው ነው። ሆኖም ታሪኩን ከልምሻ መጀመር አይቻልም። የደጋው ሰው ስለ ክትባት ያለው አስተያየት የተቀረጸው በሌላ በሽታ፣ በፈንጣጣ ነውና።

ፈንጣጣ ለሰሜን ኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ መከላከሉም እንግዳ አልነበረም። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በትግራይ ለብዙ ዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ የአገሩ ሰው ከፈንጣጣ ራሱን የሚጠብቅበትን ዘዴ ተመልክቶ ጽፎታል። ዘዴው ከሕመምተኛው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርጎ ማስገባት ነበር። እንዲህ የተደረገለት ሰው ለጥቂት ቀናት ያተኩሰዋል፣ ጥቂት ቁስልም ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈንጣጣ አይደፍረውም። ዘዴው ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። አንዳንዱ በዚያው ሳቢያ ይሞት ነበር፤ የተጫረውም ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚሸከም ለጎረቤቱ ያስተላልፍ ነበር። ቢሆንም ገበሬው ትንሽ ሕመም ተቀብሎ ትልቁን ማስቀረት እንደሚቻል ሐኪም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቋንቋው ራሱ ይህንን ይመሰክራል። በልጅ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብና በክንድ ላይ የሚደረገው ክትባት ከአንድ ሥር፣ መጻፍንና መጫርን ከሚያመለክተው «ከተበ» የወጡ ናቸው። አንደኛው በብራና ላይ ይጻፋል፣ ሁለተኛው በቆዳ ላይ። እናቲቱ ሁለቱንም ለአንድ ዓላማ ስትፈልጋቸው ኖራለች፤ ሁለቱም በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ጋሻዎች ነበሩ።

በጥር ወር 1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመሆን የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ጀመረ። ፍለጋው እንደተጀመረ የተገኘው ቁጥር ዘማቾቹን ራሳቸውን አስደነገጣቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 በኢትዮጵያ 26,329 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ነበር። በሽታው ግን ሕንድን ካስለቀሰው ዓይነት የቀለለ ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ ሕሙማን የሚሞቱት አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። ለዘመቻው ትልቁ መሰናክል የሆነውም ይኸው ነበር። ሰው የማይፈራውን በሽታ ለማጥፋት ክንዱን አይሰጥም፤ ከዚህም በላይ የራሱ ዘዴ ነበረው። በጎጃምና በበጌምድር ደጋ ከታቢዎች ፊት በር ተዘግቷል፣ አንዳንድ ስፍራም በድንጋይና በጥይት ተመልሰዋል። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብርና በመሬት ልኬታ ምክንያት ማመፁን ያስታወሰ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ከወረዳ ገዥው ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው መርፌ ይያዝ ገመድ መለየት ለገበሬው አስቸጋሪ ነበር።

ዘመቻው እንዲያም ሆኖ ተሳካ። የተሳካበትም ምክንያት ከሕዝብ ትምህርት ይልቅ በመሣሪያው ጠባይ ላይ እንደነበረ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የፈንጣጣው ክትባት በቅዝቃዜ የደረቀ ዱቄት ነበር፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ወር ሙሉ ቢቆይ ኀይሉን አያጣም። ከታቢው በአገልግል ይዞት፣ ከተከዜ ቆላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው ደጋ ቢወጣ የሚያሳስበው ነገር የለም። መርፌዋ ጫፏ ሁለት ቅርንጫፍ ያላት፣ ለመጠቀም ሁለት ቀን እንኳ ሥልጠና የማትጠይቅ ናት። አንድ ጊዜ ከተከተቡ ደግሞ ለብዙ ዓመት ይበቃል፤ ከታቢው ተመልሶ መምጣት አይኖርበትም። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው የታማሚ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ በየገበያው እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋልን?» እያሉ ጠየቁ። የመጨረሻው ሕመምተኛ በኦጋዴን ዲሞ በምትባል ስፍራ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ።

በዋግም ሆነ በሌላው ደጋ ከዚያ ዘመን የቀረው ነገር በሽማግሌዎች ክንድ ላይ ያለው ክብ ጠባሳ ነው። ጠባሳው የማይቃጠልና የማይሰረቅ የምስክር ወረቀት ነበር። ከታቢው ስም መጠየቅ ወይም መዝገብ መግለጥ አላስፈለገውም፤ እጅጌ ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ይበቃው ነበር።

ግንቦት 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚያው በፈረንጆች 1980 የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ ኩፍኝን፣ ትክትክን፣ ዘጊ አነዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሳንባ ነቀርሳንና የልጅነት ልምሻን በአንድነት ለመከላከል የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከፈንጣጣው ድል የቀጠለ ሁለተኛ ምዕራፍ ይመስል ነበር። በሥራ ላይ ሲታይ ግን በመሠረቱ ሌላ ነገር ነበር።

የልምሻው ክትባት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው። መርፌ ስለሌለው ለመስጠት ከፈንጣጣው ይቀልላል፤ ለማድረስ ግን በዘመኑ ከነበሩት ክትባቶች ሁሉ የከፋው ነበር፤ ሙቀት ቶሎ ይገድለዋልና። በማዕከላዊ መጋዘን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ በጤና ጣቢያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል መጠበቅ አለበት። የኤሌክትሪክ ኀይል ባልደረሰበት ገጠር ይህን የሚሠራው በነጭ ጋዝ የሚነድ ማቀዝቀዣ ነበር። እሳት ብርድ ይወልዳል ቢባል ለገበሬው ተረት ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ከበታቹ ያለው ነበልባል አሞኒያውን ከውሃው አትንኖ ያወጣዋል፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ እንደገና ሲተን ሙቀቱን ከሣጥኑ ውስጥ ይወስዳል። ማቀዝቀዣው በውሃ ልክ ካልተቀመጠ አይሠራም፤ ክሩ በየጊዜው ካልተከረከመ ይጨሳል፤ ጋዙ ካለቀ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ የወሩ ክትባት በሙሉ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከማቀዝቀዣው የወጣው ክትባት በበረዶ በታጀበ ሣጥን ውስጥ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ቆላ፣ ወይም በደሃናና በጋዝጊብላ ገደላገደል አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለሚያውቅ ሰው፣ የክትባቱ ሽፋን ወሰን በበረዶው መቅለጫ ሰዓት እንደሚወሰን መረዳት አያቅተውም።

የከፋውም ሞቶ የተሰጠ ክትባት በሕይወት ካለው በዓይን አለመለየቱ ነው። ጠርሙሱ ያው፣ ጠብታውም ያው ነው። ሦስት ጊዜ ጠብታ የወሰደ ልጅ ቢለምሽ እናቲቱ «ክትባት ዋጋ የለውም» ብትል፣ ያየችውን ተናገረች እንጂ አላበለችም። በፈረንጆች 1996 በጠርሙሱ ላይ ሙቀት የሚያጠቁረው ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት መለጠፍ እስኪጀመር ድረስ፣ ያንን የሚያረጋግጥ መሣሪያ በከታቢውም እጅ አልነበረም። ስለ ሕዝብ ንቃተ ጤና ብዙ ሲባል ይህቺ ምልክት ምን ያህል እምነት እንዳተረፈች የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ራሱ ወደ በሽታው ስንመጣ ደግሞ ችግሩ ይጠልቃል። ፈንጣጣን ሁሉ ሰው ያያል፤ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈም ይቆጥራል። የልምሻው ቫይረስ ግን በሰገራና በተበከለ ውሃ እየተዛመተ ከሚይዛቸው ሁለት መቶ ያህል ልጆች መካከል አካሉ የሚዝለው የአንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ትንሽ ያተኩሳቸዋል ወይም ምንም ሳይሰማቸው ያልፋል፤ በሽታውን ግን ያዛምታሉ። በአንድ መንደር አንድ ልጅ ማታ ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ በማግሥቱ እግሩ ሲከዳው፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲሮጡ እየታዩ ይህ ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ ማን ያምናል? ልክፍት ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ የመንገድ ጋኔን ነው ይባላል፤ ወደ ጠበል ይወሰዳል። ይህን በድንቁርና ብቻ መፈረጅ ተገቢ አይደለም። በዓይን ከሚታየው ተነሥቶ ለሚፈርድ ሰው፣ ተላላፊነቱን መካድ ከማመን ይልቅ ለልቡና የቀረበ ነው።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በዚህ ላይ ሌላ ቁስል ጨመረ። የዋግ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም መጠለያ ወረደ። በየመጠለያው ኩፍኝ ሕፃናትን ፈጀ፤ ክትባትም ተሰጠ። ሆኖም እዚያው መጠለያ ውስጥ ስም የሚመዘግበው እጅ እህል የሚሰፍርም፣ ለሠፈራ የሚያስጭንም ነበር። በወሎ ብዙ ሰው በግድ ተወስዶ እንሠፍራለን በሚል ስጋት፣ እየተራበ እንኳ ከእህል ማደያው እንደሸሸ የታወቀ ነው። ልጅን በመዝገብ አስጽፎ ካርድ መቀበል ከዚያ በኋላ በደጋው ቀላል ነገር ሆኖ አልቀረም። በእነዚያ ዓመታት የዋግ ገጠር ሰፊ ክፍል በደርግና በታጣቂ ድርጅቶች ጦርነት መካከል የነበረ በመሆኑ፣ የመንግሥት ጤና ሠራተኛ ከከተማ ርቆ አይሄድም ነበር። የተጀመረ ክትባት በአንድ ጠብታ ይቀራል፤ «እመለሳለሁ» ያለ ሰው አልተመለሰም። ጠባሳው አንዴ ተጭሮ የሚበቃ ነበር፤ ጠብታው ግን ሦስት ጊዜ መመለስን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት፣ በኋላ «እምቢተኝነት» የተባለው ነገር ሥር ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ግንቦት 1980 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ልምሻን ከዓለም ለማጥፋት ሲወስን፣ በየዓመቱ 350,000 ያህል ልጆች ይለምሹ እንደነበር ተገምቶ ነበር። ኢትዮጵያ ዘመቻውን የተቀላቀለችው በፈረንጆች 1996 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት የሚደረገው ዘመቻ ተጀመረ። ከታቢው እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ ከመጥራት ይልቅ ራሱ ደጃፏ ደረሰ። በረዶውን ያዘለው ሣጥን በትከሻ ተንጠልጥሎ፣ የጠጡት ልጆች ጣት በቀለም እየተነከረ፣ የተጎበኘው ቤት በር በጠመኔ እየተጻፈበት ዳገት ቁልቁለቱ ተዳረሰ። እዚህ ላይ ጠባሳው በከፊል ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ በሳምንት ታጥቦ ቢጠፋም በጣት ላይ ያለው ቀለም የሚታይ ምልክት ነበር።

በደጋው የነበረው መሰናክል በአብዛኛው ከሩቅ እንደሚወራው አልነበረም። አራስ ቤት በመጀመሪያ ይጠቀሳል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናቲቱ ከቤት አትወጣም፤ በተወለደ ሰሞን የሚሰጠው ጠብታ በዚህ ምክንያት ይቀር ነበር። የሚቀጥለው ጠብታ የሚሰጠው በስድስት ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን ነው። የወንዱ ክርስትና ከዚህ የሚቀድመው በሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ያስተዋለ ጤና ሠራተኛ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን ተከትሎ መሥራት ይችል ነበር፤ ለሴቷ ግን ቤቷ ድረስ መሄድ ግድ ነው። ሌላው ቋንቋ ነው። በዋግ ገጠር ብዙው ሕዝብ አፉን የፈታው በኽምጣኛ ሆኖ ሳለ፣ የጤና ትምህርቱ በሬዲዮም በወረቀትም ለረጅም ጊዜ የመጣው በአማርኛ ነበር። ስለ ክትባት የሚነገር ነገር ሁሉ በገበያ ቋንቋ እንጂ በጓዳ ቋንቋ አልተነገረም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ከዚያው አገር የተወለዱ ሁለት ሴቶችን ሲመድብ ይህ ክፍተት ብዙ ጠበበ። እነርሱ ነገ ተመልሰው እንደሚመጡ ማንም አልተጠራጠረም፤ ወዴትስ ይሄዳሉ?

በጥር 1993 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጨረሻው የራሷ የልምሻ ቫይረስ ታየ። ድሉ ግን ከሌላው ዓለም ተነጥሎ የሚጠበቅ አልነበረም። በናይጄሪያ በካኖ ክፍለ ሀገር በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ ጠብታው ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ክትባቱ አንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ በቻድና በሱዳን አልፎ በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ። ለዋግ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በየዓመቱ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወጣቱ ከደጋ ወርዶ ወደ ሁመራና ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚሄድ ነውና፤ ጨው ያመጣው መንገድ አሁን ጉልበት ይወስድበታል፣ ሲመለስም ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። በካኖ የተነገረ አንድ ሐሜት ድንበር አቋርጦ ኢትዮጵያ መድረሱ፣ ወሬና በሽታ አንድ ስንቅ የሚበሉ መንገደኞች መሆናቸውን ያስረዳል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ልምሻ መጥፋቱን ለማረጋገጥ፣ ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እግሩ ወይም እጁ በድንገት የዛለ ልጅ ሁሉ መመርመር አለበት። በ14 ቀን ውስጥ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድና በበረዶ ተይዞ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ሠራተኛው ወደ ደጋ የሚያወጣውን በረዶ አሁን በተቃራኒው ከደጋ ያወርዳል። ሥራው በምሕንድስና ዓይን ሲታይ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ምርመራው የተዘጋጀው ለአገር ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው፤ የእናቲቱ ጥያቄ፣ «ልጄ ይራመዳል ወይ?» የሚለው፣ ከናሙናው ጋር አዲስ አበባ አይሄድም።

ሰቆጣ በቅርቡ ዘመን በሌላ ነገር ስሟ ተነሣ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በፈረንጆች 2030 ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ምግብና ክትባት የተለያዩ የሚመስሉት ለቢሮ ሰው ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳና ተቅማጥ የማይለቀው ሕፃን አንጀት ጠብታውን በሚገባ አይቀበልም፤ በሌላ አገር ሦስት ጠብታ የሚሠራውን ሥራ እዚህ አምስትና ስድስት ላይሠራው ይችላል። ለልምሻ መድኃኒቱ በከፊል ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት መሆኑ የሚዘነጋው ለዚህ ነው።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከልምሻ ነፃ መሆንዋ ተረጋገጠላት፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከተፈጥሯዊው ቫይረስ ነፃ ተባለ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ በተከተቡበት አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ተለውጦ የቀድሞ ክፋቱን መልሶ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ከጠብታው በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ ከዚያው የመነጨ ቫይረስ በ2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ከዚያም በሌሎች ክልሎች ተገኘ። ይህን ለሕዝብ መንገር የሚያስቸግር መሆኑ አይካድም፤ መደበቁ ግን የከፋ ነው። ከአባቶቹ የፈንጣጣ ጭረት «የተጫረው ለጎረቤት ያስተላልፋል» የሚለውን የተረዳ ሕዝብ፣ አደጋው ጠብታውን በጠጣው ሳይሆን ጠጪው ባነሰበት መንደር መሆኑን መረዳት አያቅተውም።

በዚህ መካከል ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተቀሰቀሰው ውጊያ በ2013 ክረምት ዋግን አዳረሰ፤ የአበርገሌና የጻግብጂ ሕዝብ ብዙው ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ከተዘረፈው ሁሉ በቀላሉ የማይተካው ማቀዝቀዣው ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ የጤና ሠራተኛውን መንገድ እንደገና አጠበበው።

በእነዚያ ዓመታት የተወለዱ ልጆች አሁን ለትምህርት ደርሰዋል። ከመካከላቸው ማን አንድ ጠብታ፣ ማን ሦስት፣ ማን ምንም እንዳልወሰደ የሚያስረዳው ከቤት ሲወጡ ከሣጥን ሥር የቀረው፣ ወይም ከቤቱ ጋር የነደደው የክትባት ካርድ ነበር። የጤና ጣቢያው መዝገብም እንደዚያው። አዲስ የሚላከው ከታቢ እናቲቱን ጠይቆ በቃሏ ከመመዝገብ፣ አለዚያም ለሁሉም ከመጀመሪያው ከመስጠት በስተቀር ሌላ ምርጫ የለውም። አጠገቧ የተቀመጡት አያት እጅጌያቸውን ቢሰበስቡ ግን የ1960ዎቹ ጠባሳ እስከ ዛሬ ከክንዳቸው ላይ አልጠፋም።